ቆማ ስትሠራ የማትጠፋ፣ ስትሄድ የምትጠፋ ፒካፕ

ጥያቄው

ሰላም ለዚህ የመኪና ውይይት ቤት ሰዎች። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ፒካፕ ናት። ባለ 4 ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ ካርቡሬተር ያላት። ፑንቲና (የኮይሉን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋው የድሮው መገናኛ) የላትም፤ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ነው። የነዳጅ ፓምፗ ሞተሩ ላይ የታሰረው ሜካኒካሉ ነው።

ችግሯ እየሄደች ድንገት መጥፋት ነው። አትቆራርጥም፣ አትንቀጠቀጥም። ጭጭ ነው። አንዳንዴ ቁልፍ እንደመታሁ ትነሳለች። አንዳንዴ ደግሞ ኮፈን አስከፍታ ታስጠብቀኛለች። ምንም ሳትል ትሰነብትና ልክ ስረሳው ትጠፋለች። የምትጠፋው ደልዳላ መንገድ ላይ፣ በከፍተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ በስሱ ረግጬ ስሄድ ነው። ቆማ ሚኒሞ ላይ ስትሠራ ጠፍታ አታውቅም። ጭነት ይዛ ዳገት ስትጎትትም አልጠፋችም። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድና የነዳጅ ፊልትሮ አዲስ ናቸው። ባትሪውም ደህና ነው። ከየት ልጀምር?

ምላሾቹ

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ፣ አንዱ ሌላውን እየጎነተለ ስለሄደ አዲስ የሚገባ ሰው መያዣ መጨበጫው ይጠፋበታል። ስለዚህ የተባለውን በቁጥሩ ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። «እኔም እየተከታተልኩ ነው» የሚሉትን ዘልያቸዋለሁ።

ምላሽ 1። ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ አቅርቦ ሲያበቃ ምንም ዕቃ እንዳልገዛ ለመነኝ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚቋረጠው ነዳጁ ነው ወይስ የካንዴላው እሳት የሚለው ነው ባይ ነው። ነዳጅ ሲያጥራት ሞተር ወዲያው ፀጥ አይልም። ካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ ያለው እስኪሟጠጥ ጉልበቷ እየወረደ፣ እየቆራረጠች ትሄዳለች። እሳት ሲቋረጥ ግን መብራት እንደማጥፋት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ስትጠፋ ማርሽ ውስጥ ሆና ገና እየተንከባለለች ሳለ የአርፒኤም (የሞተር ዙር መቁጠሪያ) ቀስቷ ምን እንደምትሆን። ልብ ብዬ አይቼው ስለማላውቅ በሚቀጥለው ጊዜ አያለሁ አልኩት።

ምላሽ 2። ፓምፑን እንድቀይር አዘዘኝ። ለምን እንደሆነ አልጻፈም።

ምላሽ 3። ይህኛው የታንኩን ክዳን ጠረጠረ። ክዳኑ ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ከተደፈነ ፓምፑ በሳበ ቁጥር ታንኩ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠራል፤ ውሎ አድሮ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። በእሱ መኪና እንዲህ ሆኖ ክዳኑን ሲፈታው ታንኩ አየር ሲምግ እንደሰማና ሞተሩ ትንሽ ቆይቶ እንደተነሳ ተረከ። ስትጠፋ ክዳኑን ፈትቼ ጆሮዬን እንድጥል መከረኝ። ወጪ የለውም። ሞከርኩት፣ ምንም ድምፅ የለም። ምክሩ ግን ለሌላ ሰው መኪና ሊጠቅም ይችላል።

ምላሽ 4። ይህችኛዋ 3ኛውን በትህትና አረመች። የተደፈነ ክዳንም ሆነ ታንክ ውስጥ ያለ ዝቃጭ መኪናን እያደከመ ነው የሚያጠፋው አለች። ዝቃጩ የመሳቢያውን አፍ ይደፍናል፤ ሞተሩ ሲቆም ተመልሶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቆይታ መነሳቷን ያብራራል። ነገር ግን ሁለቱም ቀድመው የሚታዩት ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚፈልግበት ቦታ፣ ማለትም ዳገት ላይ ነው። ጠያቂው ደግሞ ዳገት ላይ እንደማትጠፋ ጽፏል። እዚህ ላይ ነዳጅን መጠርጠር ትታለች። ከሁሉ በፊት መያዝ የነበረበት ሐሳብ ይህ ነበር፤ ያኔ ግን ልብ ብሎ ያየው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ሙቀት ተጣደፈ።

ምላሽ 5። ነዳጁ መስመር ውስጥ እየፈላ ነው ብሎ ደመደመ። መፍትሔውም እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ መጣል፣ ቱቦው ላይ ደግሞ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ መደርደር ነው።

ምላሽ 6። በመቆንጠጫው ሳቀ። ቢሆንም 5ኛው ከነአካቴው እንዳልተሳሳተ አምኗል። ሜካኒካል ፓምፕ ወደ ካርቡሬተር የሚገፋው ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ገደማ በሆነ ደካማ ግፊት ነው። ከታንክ እስከ ፓምፕ ያለው መስመር ደግሞ እየተሳበ ስለሆነ ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ ግፊት ሲያንስ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል። እንጨት ግን ሙቀት ስለማያስተላልፍ ቱቦ ማቀዝቀዝ አይሆንለትም።

ምላሽ 7። 5ኛው ተመልሶ መጣ። አባቱ በዚሁ መቆንጠጫ ስንት አገር እንዳቆራረጡ በመጠኑ ተቆጥቶ ጻፈ።

ምላሽ 8። አባትየውን ያቆመቻቸው መኪና የተነሳችው መቆንጠጫውን ደርድረው እስኪጨርሱ ድረስ ስለቀዘቀዘች ነው አለ። ሰባት ሰው ሳቀለት። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የሰው አባት አይነካም።

ምላሽ 9። ነገሩን ገለበጠው። ሙቀት ሳይሆን በረዶ ቢሆንስ? ነዳጅ ካርቡሬተር ውስጥ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዛል። አየሩ እርጥበት ካለው፣ ውጭው ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ በቢራቢሮው (የካርቡሬተሩን አየር መግቢያ የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ዙሪያ በረዶ ሊጋገር ይችላል። ሞተሩ ሲጠፋ የራሱ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝም። ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ሞቃት አየር ወደ አየር ማጣሪያው የሚወስደው ቱቦ ተነቅሎ እንደሆነ እንዳይ ጠየቀኝ። ቱቦው በቦታው አለ፤ የአየሩም ጠባይ እሱ ያለው ዓይነት አልነበረም። ሆኖም ቆይቶ መነሳት ሁሉ የሙቀት ችግር ማለት እንዳልሆነ ያሳየን እሱ ነው።

ምላሽ 10። የእኔ ነው። ቀስቷን አየኋት። ጎማው ሞተሩን ገና እያዞረው ሳለ ቀስቷ በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ወደቀች።

ምላሽ 11። 1ኛው ሰው ደስ ብሎት ተመለሰ። በእንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና አርፒኤም ጌጁ ምልክቱን የሚወስደው ለካንዴላ እሳት የሚሆነውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚፈጥረው ከኢግኒሽን ኮይሉ ኔጋቲቭ ነው። ሞተሩ እየዞረ ቀስቷ ከሞተች ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ነገር ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ነዳጅ ቢሆን ኖሮ ቀስቷ ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ቀስ እያለች በወረደች ነበር።

ምላሽ 12። እርማት አመጣ። አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ጌጁ ከኮምፒውተር ስለሚያዝ ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሠራም። ለእኔ መኪና ግን ይሠራል። ከዚያ ሌላ በር ከፈተ፤ ወደ ኮይል የሚሄደው ኤሌክትሪክ ራሱ ከቁልፍ ማስነሻው ላይ እየተቋረጠ ቢሆንስ? ስትጠፋ ሌሎች በቁልፍ የሚሠሩ ነገሮች፣ ፍሬቻና የነዳጅ ጌጅ፣ አብረው ይጠፉ እንደሆነ እንዳይ ጠየቀኝ። ቁልፉን ሞተሩ እየሠራ በስሱ መነቅነቅም ጥሩ ነው፤ ግን ቆሞ።

ከምላሽ 13 እስከ 16 ወሬው ወደ ቁልፍ ማንጠልጠያ ሄደ። አንዱ የሠፈር በር ሁሉ ቁልፍ የሚያንጠለጥል ሹፌር ማስነሻውን እንደሚጨርሰው ጻፈ፤ ሌላው ይህ ተረት ነው አለው። ከመካከላቸው 15ኛው ብቻ ቁም ነገር ያዘ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን የሚያግዘው ቫኪዩም ለጥቂት ረገጣ ብቻ ስለሚበቃ ደጋግሞ እየረገጡ መልቀቅ እንደማይገባ አስጠነቀቀ። መሪ ቆላፊ ያለው መኪና ደግሞ እየተንከባለለ ሳለ ቁልፉ እስከመጨረሻው መጠምዘዝ የለበትም፤ መሪው ቢቆለፍ ሌላ አደጋ ነው። ይህን የጻፈ ሰው አንድም ምስጋና አላገኘም።

ምላሽ 17። ኮይሉ ነው አለ። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ተለጥጦ ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። በእሱ መኪና እንደዚያ ነበር። ስለዚህ መለካት ያለበት ሞቆ ሳለ ነው፤ ቀዝቅዞ የተለካ ኮይል ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ምላሽ 18። ሞጁሉ፣ ማለትም ኮይሉን በኤሌክትሮኒክ የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ፣ ነው አለ። ፎርድ በ1980ዎቹ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ጎን ላይ ያሰረውን ቲ.ኤፍ.አይ ሞጁል አስታወሰ። ያ ሞጁል ሲሞቅ ሞተር በማጥፋት ስሙ ተነስቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሞጁል ሲታሰር ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያስተላልፈው ነጭ ቅባት ከሥሩ መኖር እንዳለበትም ጨመረ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ አዲሱም ሞጁል ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል።

ምላሽ 19። ወደ ኮይል የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው ባላስት ሬዚስተር እንደሆነ በእርግጠኝነት ጻፈ። 20ኛው ወዲያው ቆረጠው። ባላስት ሲቃጠል መኪና ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ትነሳና ቁልፉ ገና ሲለቀቅ ትጠፋለች፤ ምክንያቱም ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ባላስቱን ዘሎ ነው የሚሄደው። ጥያቄውን ሳያነብ የሚመልስ ሰው ብዛት እንዳሳዘነውም አልደበቀም። እዚህ ላይ የቤቱ ድምፅ መቀየር ጀመረ።

ምላሽ 21። 2ኛው ሰው ተመልሶ ፓምፑን ቀይሬ እንደሆነ ጠየቀ። 22ኛው፣ ከአጻጻፉ የዕድሜ ልክ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚመስል፣ ቀስቷ ዜሮ ላይ ወድቃ ስለ ፓምፕ የሚያወራ ሰው መኪና ባይነካ እንደሚሻል ነገረው። 2ኛው በበኩሉ በንባብ መካኒክ እንደማይኮን መለሰ። ከ24 እስከ 27 ያለው ስድብ ነው። መሀል ላይ አንድ ሰው ገብቶ ሁላችንም ናፍጣ መኪና ብንገዛ ከዚህ ሁሉ ንትርክ እንደምንገላገል መከረ። ለእሱም ሌላ ሰው የናፍጣ መርፌ ፓምፕ ምን እንደሚመስል አስረዳው፤ እዚያው ሁለት ምላሽ አለቀ።

ምላሽ 30። 4ኛዋ ሴት ተመለሰች፤ ውይይቱን ከስድቡ ያወጣችው እሷ ናት። ሦስት ዕቃ ተራ በተራ ከመግዛት መኪናዋን ጥፋት ላይ መያዝ ይሻላል አለች። ዘዴዋ እንዲህ ነው። ከኮይሉ ፖዘቲቭ አንድ ሽቦ ወደ ጋቢና ተስቦ ትንሽ አምፖል ይታሰርበታል፤ የአምፖሉ ሌላ ጫፍ ማሳ (የመኪናዋ ብረት) ላይ። የታይሚንግ መብራት (እሳት በመጣ ቁጥር ብልጭ የሚል መሣሪያ) ደግሞ ከኮይል በሚወጣው ወፍራም ገመድ ላይ ይቆነጠጥና መብራቱ ጋቢና ውስጥ ይገባል። ሽቦዎቹ ከማራገቢያውና ከጭስ ማውጫው መራቅ አለባቸው። ሹፌሩ መንገዱን ያያል፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው መብራቶቹን። ስትጠፋ አምፖሉም አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ ከቁልፍ ማስነሻው እስከ ኮይል ባለው መስመር ላይ ነው። አምፖሉ በርቶ ብልጭታው ብቻ ከቆመ ከኮይል፣ ከሞጁል ወይም ከዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ አይወጣም። ብልጭታው ከቀጠለ ደግሞ ሁላችንም ተሳስተናል፤ ወደ ነዳጅ እንመለሳለን።

ምላሽ 31 የእኔ። አምፖሉ አልጠፋም። ብልጭታው ቆመ።

ምላሽ 32። ኤሌክትሪሺያኑ ነው። አሁን ቁጣው በርዶለታል። 4ኛዋን አመሰገነና ከጥያቄዬ ውስጥ ሁለት ነገር አወጣ፤ ሚኒሞ ላይ አትጠፋም፣ ዳገት ላይ አትጠፋም። ሙቀት ቢሆን ዳገት ላይ ነበር መባስ ያለበት። ታዲያ ሚኒሞ ላይና ዳገት ላይ የሌለ፣ ደልዳላ መንገድ ላይ በስሱ ሲነዳ ብቻ ያለ ነገር ምንድን ነው? ቫኪዩም አድቫንስ ነው።

ያብራራውን ትንሽ ላስረዝመው፤ ለዚህ ውይይት የከፈልነው ጊዜ ሁሉ የተካካሰው እዚህ ነው። ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን የምትታየው ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ስስ ላስቲክ አለ። ከካርቡሬተር ቀጭን ቱቦ ይመጣለታል። የቱቦው መነሻ ከቢራቢሮው በላይ ስለሆነ ሚኒሞ ላይ ቫኪዩም አይደርሰውም። ዳገት ላይ ቢራቢሮው ሰፊ ስለሚከፈት ቫኪዩሙ ይወድቃል። ነዳጅ በስሱ ተረግጦ ሲኬድ ግን ይበረታል፤ ላስቲኩ ይሳባል፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችውን ሳህን ያዞራል፣ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ያደርጋል። በዚያች ሳህን ላይ ለሞጁሉ ምልክት የምትሰጠው ፒክአፕ ኮይል ተቀምጣለች። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎቿ ሳህኗ በዞረች ቁጥር ይተጣጠፋሉ። ዘመን ሲቆጠር የመዳቡ ክሮች ላስቲኩ ውስጥ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ ከውጭ ሲታይ ግን ሽቦው ጤነኛ ይመስላል። ሳህኗ ስትዞር ሽቦው ይሳሳብና ክፍት ይሆናል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ቫኪዩም የለም፤ ሳህኗ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ክሮቹ ይነካካሉ፤ ቁልፍ ሲመታ ትነሳለች። አንዳንዴ ሳይነካኩ ሲቀሩ ታስጠብቃለች።

ፈተናው ከሁሉ ቀላሉ ነው። ሞተሩ ሞቆ ይጠፋል። የፒክአፕ ኮይሏ ሁለት ሽቦዎች ከሞጁሉ ይነቀሉና ቴስተር ኦም ላይ ሆኖ ይታሰርባቸዋል። ከዚያ የቫኪዩም ቱቦው ከካርቡሬተሩ ይነቀልና በአፍ ይሳባል።

ምላሽ 33። በአፍ ቱቦ መሳብ የሚሉትን ነገር ነውር አደረገው። 34ኛው፣ የሚያስጸይፍ ነገር ሁሉ ለመተው ምክንያት ከሆነማ ሥራ አይሠራም ብሎ ዘጋው። ለተጸየፈ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ አለ።

ምላሽ 35። ፒክአፕ ኮይል እንዲህ ሲሆን አይቶ እንደማያውቅ የሚጽፍ ሰው መጣ። 36ኛው መለሰለት። ጄኔራል ሞተርስ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በሰፊው ባስገባው ኤች.ኢ.አይ ዲስትሪቢዩተር ላይ ይህ የታወቀ ብልሽት ነው፤ በዚያ ሲስተም የኮይሏ ንባብ ከ500 እስከ 1500 ኦም መሆን አለበት። በሌላ ሥሪት ቁጥሩ ይለያያል፤ ከመኪናው መመሪያ መታየት አለበት። ዋናው ግን ቁጥሩ ሳይሆን ቱቦው ሲሳብ ቁጥሩ መዝለል አለመዝለሉ ነው። ጤነኛ ኮይል ንባቧ ጸንቶ ይቆያል። አንደኛው ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የሚነካ መሆኑም አብሮ ይለካ።

ምላሽ 37 የእኔ። ካሎታውን (የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን) አንስቼ ቴስተሩን አሰርኩ። ንባቡ መመሪያው ካለው ክልል ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ለአፍታ የኤሌክትሪሺያኑ ነገር እንደ ባላስቱ የሚቀር መሰለኝ። ቱቦውን ሳብኩት። ሳህኗ ጥቂት ዞረች፤ ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ተወራጨና ክፍት መስመር አሳየ። ለቀቅኩት፣ ቁጥሩ ተመለሰ። ደግሜ ሳብኩት፣ ጠፋ። ሽቦውን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ስዳብሰው ከሳህኗ ጠርዝ አጠገብ ላስቲኩ ብቻ የቀረ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ለስላሳ ቦታ አገኘሁ።

ከዚያ የእንኳን ደስ አለህ ጎርፍ ሆነ። 2ኛው ሰው ፓምፑም ቢሆን አርጅቷል አለ። ቁጥር 41 ላይ ኤሌክትሪሺያኑ ዕቃው ሲቀየር መደረግ ያለበትን ጻፈ። ዲስትሪቢዩተሩ ከመነቀሉ በፊት አካሉ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትና ሮተሩ (ውስጡ የሚዞረው ጣት) የሚያይበት አቅጣጫ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ አይዞር። የፒክአፕ ኮይሏ ክፍተት የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ መለኪያው የነሐስ እንጂ የብረት አይሁን፤ ማግኔቱ ብረቱን ይዞ ያሳስታል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የቶዮታ ዲስትሪቢዩተሮች ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው የሚጠይቁት። በመጨረሻ ታይሚንጉ በመብራት ይታይ፤ በአብዛኛው የቫኪዩሙ ቱቦ ተነቅሎና ጫፉ ተደፍኖ።

ምላሽ 43። ዕቃው ለማይገኝለት ሰው ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ መጣ። 44ኛዋ፣ ያችው 4ኛዋ ሴት፣ መለሰች። ኮይሏ ራሷ ደህና ከሆነች ሽቦዎቿ ብቻ ይቀጠላሉ። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ልባስ ያለው ይሁን። ብየዳው ሳህኗ በምትንቀሳቀስበት ክፍል ላይ አይሁን፤ የተበየደ ቦታ ስለሚደርቅ እዚያው ይሰበራል። ሽቦው ሲታሰር ሳህኗ ዳር እስከ ዳር ስትዞር እንዳይወጠር ትንሽ ልል ይተው፤ ግን ሮተሩን እንዳይነካ። ካሎታው ከመገጠሙ በፊት ቱቦው እንደገና ይሳብና ቴስተሩ ይታይ።